ባለ 5 ዋት ቲዩብ አምፕ፦ የቱ ይቀየር፣ የቱ ይተው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ያገለገለ ባለ 5 ዋት የጊታር ቲዩብ አምፕ ገዛሁ። ውስጡ አንድ 12ኤኤክስ7 (ትንሿ የመግቢያ ቲዩብ) እና አንድ ኢኤል84 (የኃይል ቲዩቡ) አለው። ፊቱ ላይ ከቮሊዩም በቀር ሌላ ቁልፍ የለም፤ ስፒከሩ 8 ኢንች ነው። ሁለት ነገር አልተመቸኝም። ዝም ብሎ ሲቀመጥም ሃም ያደርጋል፣ ማለትም ሳያቋርጥ እምምም ይላል። ቮሊዩሙ ከግማሽ ሲያልፍ ደግሞ ወፍራሞቹ ክሮች ድብስብስ ይላሉ። አንዱ ትራንስፎርመሩን ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ካፓሲተሮቹን በሙሉ፣ ሌላው የድሮ ቲዩብ ፈልግ። ፔዳል ሠርቼ ስለማውቅ ብየዳ አይከብደኝም። ከየት ልጀምር?»

ከስፒከሩ ጀምር። ቀጥሎ ሃሙን አጥፋ። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተር ትቀይራለህ። ትራንስፎርመሩን ግን ተወው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

«ፔዳል ሠርቻለሁ» ያልከው ግን ትንሽ አስፈርቶኛል። ፔዳል 9 ቮልት ነው። ብትነካው ምንም አይልህም። እዚህ ውስጥ ግን 300 ቮልት ገደማ ዲሲ አለ፣ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። የባሰው ደግሞ አምፑን ከሶኬት ነቅለኸውም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ያንን ቮልት ይዘውት ይቆያሉ። አንዳንድ አምፕ ራሱ ቀስ ብሎ የሚያወርድበት ሬዚስተር አለው። አለው ብለህ ግን አትመን፤ ለካ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አምፑን እነቅላለሁ። መልቲሜትሩን ከፍተኛው የዲሲ ቮልት ላይ አደርጋለሁ። ጥቁሩን ገመድ በመቆንጠጫ ከሻሲው (ከብረት ገላው) ጋር አያይዘዋለሁ። ግራ እጄ ኪሴ ይገባል። በቀኝ እጄ ብቻ ቀዩን ጫፍ የመጀመሪያው ትልቅ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ላይ አሳርፋለሁ። እጅ ኪስ የመክተቱ ነገር ወግ ብቻ አይደለም፤ ኮረንቲ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያልፈው በደረት በኩል ነው። ቮልት ካለ፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በደንብ በተሸፈነ ሽቦ ከፖዘቲቩ ወደ ሻሲው አገናኝቼ አሥር ሰከንድ ያህል አቆየዋለሁ። ከዚያ እንደገና እለካለሁ፤ ሌሎቹንም ካፓሲተሮች እንዲሁ። ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላም ትንሽ ቮልት መልሶ ሊያወጣ ይችላል። ካቻቢቴ አጋጭቶ ማራገፍ የሚወዱ አሉ። ብልጭታው ያምራል፣ ካፓሲተሩን ግን ይጎዳዋል።

ሁለት ነገር ደግሞ በፍፁም አታድርግ። ስፒከር ሳይሰካ አምፑን አታብራ። ስፒከር ሳይኖር ሲጫወቱበት የውጤት ትራንስፎርመሩ (ቲዩቡን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው) ላይ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት የውስጡን ኢንሱሌሽን ሊበሳው ይችላል። ሁለተኛው፣ ሃሙ እንዲጠፋ ብለህ የኧርዙን ሽቦ ወይም እግር አትቁረጥ። አዎ፣ አንዳንዴ ሃሙ ይቀንሳል። ውስጥ አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ኮረንቲው የሚሄድበት መንገድ በጊታሩ ክር አድርጎ አንተ ትሆናለህ።

አሁን ወደ ስፒከሩ።

ሰው ዋት ሲቆጥር ይውላል። የስፒከሩን የዴሲቤል ቁጥር የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ይህ ቁጥር ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግርሃል። 3 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ነው። እንበልና ያንተ 8 ኢንች 91 ዴሲቤል ነው። ባለ 97 ዴሲቤል 12 ኢንች ብታገኝ ልዩነቱ 6 ነው፤ ይህ 5 ዋቱን 20 ዋት እንደማድረግ ነው። አንድም ሽቦ ሳትነካ። በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ርካሽ 8 ኢንች ደግሞ ዝቅተኛውን ድምፅ መሸከም ሲያቅተው ራሱ ይንተባተባል። ካማረርክበት ድብስብስ ውስጥ ቀላል የማይባለው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከጓደኛ 12 ኢንች ካቢኔት ተዋስ። ኦሙ መመሳሰሉን ብቻ አረጋግጥ፤ አምፑ ጀርባ ላይ 8 ኦም ከተባለ ካቢኔቱም 8 ይሁን። የተጻፈ ነገር ከሌለ የስፒከሩን ሁለት ጫፍ በመልቲሜትር ለካው። 8 ኦም የሚባለው ስፒከር በሜትር 6 ወይም 7 ያህል ያሳያል፤ ተበላሽቷል ብለህ አትደንግጥ። ማገናኛው ገመድ የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ ቀጭን ነው፣ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ከዚያ ቮሊዩሙን እዚያው የሚያስጠላህ ቦታ ላይ አድርገህ ተጫወት። በደንብ አዳምጥ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መበየጃውን መልሶ ያስቀምጣል።

አሮጌውን 8 ኢንች ግን አትጣለው። 5 ዋት ትንሽ ይመስላል እንጂ ቤት ውስጥ ሲከፈት ጎረቤት ይሰማዋል። ባለ 50 ዋት አምፕ ከባለ 5 ዋቱ የሚበልጠው በ10 ዴሲቤል ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ያህል እንጂ አሥር እጥፍ አይደለም። ማታ ማታ ቲዩቡን አሙቀህ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ስትፈልግ ያ ሰነፍ 8 ኢንች ውለታ ይውልልሃል።

ሃሙን በተመለከተ፣ ሳትመረምር ምንም አትቀይር። ጊታሩን ንቀል፣ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርግ። ሃሙ ጠፋ? እንግዲያው ወይ ከጊታርህ ነው የሚመጣው፣ ወይ ከቮሊዩሙ በፊት ካለው ክፍል። ባለ አንድ ጥቅልል ፒካፕ ጊታር ከሆነ፣ መልሰህ ሰክተህ ቮሊዩሙን ከፍ አድርግና ይዘኸው ቦታህ ላይ ዙር። ስትዞር የሚቀንስና የሚጨምር ከሆነ አምፑ ንፁህ ነው።

ቮሊዩሙ ዜሮ ሆኖም ካለ፣ አምፑን አጥፍተህ 12ኤኤክስ7ቱን ንቀለውና መልሰህ አብራው። አሁንም ካለ ችግሩ ከኃይል ቲዩቡ ወይም ከኃይል አቅርቦቱ ነው። ጠፍቶ ከሆነ ትንሿን ቲዩብና ሽቦዎቿን ጠርጥር። ከሁሉ በፊት አዲስ 12ኤኤክስ7 ሰክተህ ሞክር፤ አንዳንዴ ሁሉም ነገር እዚያ ያልቃል።

ቀጥሎ ድምፁን ለየው። እዚህ ላይ ጊታሩ ራሱ መለኪያ ይሆንሃል። መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር፣ ከቲዩቦቹ ማሞቂያ የሚመጣው ሃም 50 ኸርዝ ነው። ከደካማ ፊልተር ካፓሲተር (ከትልልቆቹ) የሚመጣው ግን እጥፉ ነው፣ 100። ስድስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ 98 ኸርዝ ነው። ያንን ምታና ከሃሙ ጋር አስተያየው። ከተገጣጠመ ወደ ፊልተሮቹ ሂድ። ሃሙ ከዚያ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለ ወደ ማሞቂያው። 60 ኸርዝ ባለበት አገር ደግሞ 120ው አምስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ካለው ቢ ጋር ይቀራረባል። ትንሽ ስፒከር 50 ኸርዝን በወጉ ስለማያወጣ ጆሮህ ሊሸወድ ይችላል፤ አቅጣጫ ይጠቁምሃል እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ፊልተሩ ከሆነና አምፑ ከ20 ዓመት በላይ ከሆነው፣ ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉትን እነዚያን ትልልቅ ካፓሲተሮች ቀይራቸው። እነሱ ከዕድሜ ጋር ይደርቃሉ። 450 ቮልት የሚችሉ ይሁኑ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቫቸውን ሦስቴ ተመልከት። አንድ የኃይል ቲዩብ ብቻ ያለው አምፕ ከኃይል አቅርቦቱ የሚመጣን ሃም እንደ ባለ ሁለት ቲዩቡ እርስ በርስ አያጠፋፋም። ስለዚህ 22 ማይክሮፋራድ የነበረውን 47 ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ራሱ ቲዩብ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ካፓሲተር አታሳድገው፤ እንደ 5ዋይ3 ያሉት ሲበራ የሚመጣውን ጫና አይችሉትም።

ማሞቂያው ከሆነ መጀመሪያ ሽቦዎቹን እያቸው። ሁለቱ እርስ በርስ ተገምደው፣ ከመግቢያው ሽቦ ርቀው፣ ጥግ ጥጉን መሄድ አለባቸው። ከዚያ መሃለኛ ነጥባቸው የት እንደታሰረ ፈልግ። የኃይል ትራንስፎርመሩ መሃለኛ ሽቦ ከሌለው፣ ከሁለቱ የማሞቂያ ሽቦዎች ሁለት 100 ኦም ሬዚስተሮች ወደ አንድ ነጥብ ይመጣሉ፤ ነጥቡም ብዙ ጊዜ ሻሲው ላይ ይታሰራል። ያንን ነጥብ ከሻሲው አላቅቀህ የኢኤል84 ካቶድ (ከቲዩቡ እግሮች አንዱ) ላይ እሰረው። ካቶዱ ላይ 10 ቮልት ገደማ ፖዘቲቭ አለ። ማሞቂያው በዚያ ልክ ከፍ ሲል በትንሿ ቲዩብ ውስጥ ከማሞቂያው ወደ ካቶዱ የሚያሾልከው ይቀንሳል። አንድ ሽቦ ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው፣ ዋጋው ምንም። ከትንንሽ አምፕ ማሻሻያዎች ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይህ ነው።

አሁን ድብስብሱ። በአዲሱም ስፒከር ካልለቀቀህ ማለት ነው።

ቤዝ ብዙ ጉልበት ይበላል። 5 ዋት ብቻ ያለው ቲዩብ መጀመሪያ የሚሰጥመው በቤዝ ነው፤ ከሰጠመ በኋላ ሌላውንም ድምፅ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ቤዙን መቀነስ ያለብህ ድምፁ ከመሰባበሩ በፊት ነው። በኋላ በኢኩዋላይዘር ብትቀንሰው የተጨማለቀው ተጨማልቋል። ፈረሱ ከሸሸ በኋላ በሩን እንደመዝጋት ነው።

የ12ኤኤክስ7ቱን የመጀመሪያ ካቶድ ፈልግ። እዚያ 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ታገኛለህ፤ ከጎኑ አብዛኛውን ጊዜ 22 ወይም 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። ይህ ካፓሲተር ያን የሚያህል ሲሆን ቤዙን በሙሉ ያሳልፋል። 1 ማይክሮፋራድ ብታደርገው ከ200 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ቀስ እያለ ይወርዳል። 0.68 ብታደርገው ወደ 300 ይጠጋል። ጭራሽ ብታወጣው ደግሞ የዚያ ደረጃ ማጉላት በግማሽ ያህል ይቀንስና አምፑ ንፁህና ገር ይሆናል። ሳታወጣው ካሳነስከው ግን ትሬብሉ አይነካም፣ ቤዙም ጨርሶ አይጠፋም፤ ቢበዛ 6 ዴሲቤል ያህል ቢወርድ ነው።

ለጀማሪ ይህን የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለ። ካቶዱ ላይ ያለው ቮልት 1 ወይም 2 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ካፓሲተር አድርገህ በትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ እያፈራረቅህ ማወዳደር ትችላለህ። በየጊዜው ከፍተህ እየበየድህ «ቅድም ምን ይመስል ነበር?» ማለት አይሠራም። የድምፅ ትውስታ በጣም አጭር ናት፤ የደከሙበትን ነገር ደግሞ ጆሮ ያዳላለታል። ማብሪያውን ስትገጥም ሻሲ አትብሳ። የማትጠቀምበት ቀዳዳ ካለ እዚያ፣ ከሌለም ለጊዜው በሽቦ አንጠልጥለህ ሞክርና ምርጫህን ወስነህ አንዱን በይድ።

ሁለተኛው ካፓሲተር በ12ኤኤክስ7ቱና በኢኤል84ቱ መካከል ያለው ማገናኛ ነው። 0.022 ማይክሮፋራድ ከሆነ ወደ 0.01 ወይም 0.0047 አውርደው። ይህኛው ቤዝ መቀነስ ብቻ አይደለም ሥራው። ማገናኛው ትልቅ ሲሆን፣ አንድ ክር አጥብቀህ ስትመታ ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ቲዩቡን ለቅፅበት ይዘጋዋል። ድምፁ ታንቆ ይቀርና ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ካፓሲተሩ ሲያንስ ቶሎ ይለቀዋል። እዚህ ያለው ቮልት ግን ከፍተኛ ስለሆነ 400 ቮልት የሚችል ይሁን፣ 630 ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ማብሪያ ማጥፊያም እዚህ አትሞክር።

የካፓሲተር ስምና ቀለም ላይ የሚደረገውን ክርክር ብትዘለው ይሻልሃል። ዋጋው አሥር እጥፍ የሆነውንና ተራውን በአንድ ልክ ብታስገባቸው ልዩነቱን ከመስማትህ ይልቅ የመገመትህ ዕድል ይበልጣል። ከ0.022 ወደ 0.0047 ስትሄድ ግን ሌላ ክፍል ያለ ሰው እንኳ ይሰማዋል።

ስለ ቲዩብ ብዙ አልልም። አንዱን 12ኤኤክስ7 በሌላ 12ኤኤክስ7 መለወጥ ድምፁን ጥቂት ቢቀይረው ነው። ዓይነቱን መለወጥ ግን ይሰማል። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት ቁጥር 100 ነው፤ 5751 ወደ 70፣ 12ኤዋይ7 ወደ 45። እግራቸው አንድ ነው፣ ነቅለህ መሰካት ብቻ ነው። በተለይ 12ኤዋይ7ን ሞክረው፤ ቮሊዩሙ ላይ ሰፊ ቦታ ይሰጥሃል፣ ድምፁም ቶሎ አይሰባበርም። ውድ የሆኑት የድሮ ቲዩቦች? ገንዘብ ከተረፈህ። ከአሮጌም ሆነ ከአዲስ የምትፈልገው ፀጥ ያለ ቲዩብ ነው። አምፑ በርቶ ሳለ በእርሳስ ቀስ አድርገህ ንካው። ደወል ካሰማ ከስፒከሩ ጋር እየተጯጯኸ ያስቸግርሃል። ኢኤል84ን በ6ቪ6 ልተካ ካልክ ደግሞ እንዲሁ አይሰካም፤ የእግሩም ቁጥር የማሞቂያውም ፍላጎት ይለያያል።

ወደ ትራንስፎርመሩ እንመለስ። የውጤት ትራንስፎርመሩን በትልቅ ቀይር የሚሉህ ሰዎች ውሸት አልነገሩህም። ትልቅ ትራንስፎርመር የተሻለ ቤዝ ያወጣል። ያንተ ችግር ግን ቤዙ መብዛቱ ነው! በዚያ ላይ ባለ አንድ ቲዩብ አምፕ የሚፈልገው ኮሩ (የብረት እምብርቱ) ላይ የአየር ክፍተት ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ ያለማቋረጥ ዲሲ ስለሚያልፍበት። ከባለ ሁለት ቲዩብ አምፕ የወጣ «የተሻለ» ትራንስፎርመር ብትገጥምለት ኮሩ በዲሲው ይሞላና ከነበረው የባሰ ይሆናል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣው የሻምፕ 5ኤፍ1 ሰርኪዩት በአንድ 12ኤኤክስ7፣ በአንድ 6ቪ6 እና በትንሽ ትራንስፎርመር የሚሠራ ባለ 5 ዋት ነበር፤ ስፒከሩም እንዳንተው 8 ኢንች። ያ ትንሽ ትራንስፎርመር ቤዙን ቶሎ መልቀቁ ዛሬ ሰው ከሚያሳድደው ድምፅ አንዱ አካል ነው።

ማንኛውንም ነገር ከቀየርክ በኋላ አምፑን በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰካው። ባለ ክር 60 ዋት አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገባ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ስታበራው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ፏ ብሎ በርቶ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ቶሎ አጥፋው። አምፖሉ ፊውዝህንም ትራንስፎርመርህንም ያድንልሃል።

የመጨረሻው የኢኤል84 ልኬት ነው። አምፑ ርካሽ ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ቲዩቡን ከልክ በላይ ሊያስጨንቀው ይችላል። ይህ የሚለካው አምፑ በርቶ ስለሆነ መቆንጠጫዎቹን ጠፍቶ ሳለ አያይዝ፣ አብራ፣ አንብብ፣ አጥፋ፤ እጅህ ውስጥ አይግባ። የካቶድ ሬዚስተሩ 270 ኦም ቢሆንና ላዩ ላይ 11.3 ቮልት ብታገኝ፣ 11.3ን ለ270 ስታካፍል 42 ሚሊ አምፒር ገደማ ይሆናል። ፕሌቱ (ከፍተኛ ቮልት ያለበት የቲዩቡ እግር) ላይ 285 ቮልት ቢኖር፣ የካቶዱን 11.3 ትቀንስና 274 ገደማ ይቀርሃል። በ42 ሚሊ አምፒር ስታባዛው 11.5 ዋት ነው። ከዚያ ላይ የስክሪኑ (የሌላኛው የቲዩቡ እግር) ድርሻ ጥቂት ይቀነሳል። የኢኤል84 የፕሌት ወሰን 12 ዋትና 300 ቮልት ስለሆነ ይህ ደህና ነው። 13 ወይም 14 ካገኘህ የካቶድ ሬዚስተሩን ወደ 330 ኦም አሳድግና እንደገና ለካ። እግረ መንገድህን ማሞቂያውንም በኤሲ ለካው። 6.3 መሆን ሲገባው ወደ 7 ከተጠጋ፣ አምፑ የተሠራለት የመብራት ቮልት ካንተ ሶኬት ያነሰ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሌሎቹም ቮልቶች ሁሉ አብረው ከፍ ብለዋል። መበየጃ ከማንሳትህ በፊት መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

ከመጀመርህ በፊት ውስጡን ፎቶ አንሳ። ያወጣኸውን ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርገህ ሳጥኑ ውስጥ እሰረው፤ አንድ ቀን ልትሸጠው ስትል የሚገዛህ ሰው ይጠይቅሃል። የኢኤል84ቱን ሦስት ቁጥር፣ ማለትም የካቶድ ቮልት፣ የፕሌት ቮልትና የሬዚስተሩን ኦም፣ ከስፒከሩ ሙከራ ውጤት ጋር ላክልኝ። ማገናኛውን 0.01 ወይስ 0.0047 እናድርገው የሚለውን በዚያ ላይ ተመርኩዘን እንወስናለን።